አንድ ተከራይ ግቢውን ሲያምስ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቤትና ግቢ

በዚህ ወር ከጎጃም ከተሞች ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹን የጻፉት አከራዮች ናቸው። የሚያነሱት ሰው ይመሳሰላል፤ ኪራዩን አያጓድልም፣ ግቢውን ግን ሰላም ይነሳል። አራት ጥያቄዎች መርጠናል። የመጀመሪያው መልስ የረዘመው የሌሎቹም ብዙ ጉዳይ እዚያው ስለሚመለስ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ከዋናው ቤት ጀርባ በአንድ መስመር የተሠሩ አምስት ሰርቪስ ክፍሎች አከራያለሁ። አራቱ ተከራዮች ጨዋ ናቸው። አንዷ ተረኛ የምታድር ነርስ ናት፤ ባልና ሚስት ከጨቅላ ልጃቸው ጋር አሉ፤ አንድ አስተማሪና አንድ ባለ ሱቅም አሉ። አምስተኛው ጋራዥ የሚሠራ ወጣት ነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት እየመጣ የግቢውን በር ይደበድባል፣ ጓደኞቹን ይዞ ይገባል፣ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ስፒከር ይከፍታል። ስናገረው “እሺ እትዬ” ይላል፤ ሁለት ቀን ዝም ይልና ይቀጥላል። ነርሷ “እሱ ካልወጣ እኔ እወጣለሁ” አለችኝ። ውላችን የቃል ነው። የባለቤቴ ወንድም “ቁልፉን ቀይሪና ዕቃውን በረንዳ ላይ አውጪለት” ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እትዬ፣ ቁልፉን አይቀይሩ። ክፍሉ በእርስዎ ካርታ ውስጥ ያለ ቢሆንም ልጁ ተከራይቶ እስከኖረበት ድረስ መኖሪያ ቤቱ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 604 ቤቱን በሕጋዊ መንገድ ይዞ ከሚኖረው ሰው ፈቃድ ውጭ መግባትን ያስቀጣል፤ አከራይ መሆን ከዚህ አያድንም። ዕቃው በረንዳ ላይ ከወጣ በኋላ “ስልኬ ጠፋ፣ ሻንጣ ውስጥ የነበረ ብር ጠፋ” ቢል ደግሞ የሚያስረዳልዎ ሰው የለም። ትናንት በዳይ የነበረው ልጅ ዛሬ ተበዳይ ይሆናል፣ እርስዎ ተከሳሽ። መብራቱን ከብሬከር ማጥፋት፣ ውኃ መዝጋት፣ የሽንት ቤት ቁልፍ መከልከልም ያው ነው። አምስቱ ክፍሎች በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ የሚጠፋው የሕፃኑም ቤት መብራት ነው።

እንዲህ ያለ ተከራይ የሚታረመውም የሚወጣውም በወረቀት ነው። ወረቀቱ የሚጀምረው ከአንድ ደብተር ነው። “ይረብሻል” የሚለው ቃል ሽማግሌ ፊትም ዳኛ ፊትም ክብደት የለውም፤ እሱም “አልረበሽኩም” ብሎ ይመልሰዋል። ክብደት ያለው እንዲህ ያለ መስመር ነው፦ “ጥቅምት 9፤ ከሌሊቱ 6፡20 እስከ 7፡45፤ ክፍል 5፤ ስፒከር፣ ሦስት እንግዶች፤ ክፍል 3 እና 4 ሰምተዋል፤ አንኳኩቼ ነገርኩት፣ 7፡45 ላይ ቆመ።” ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የሆነው ነገር፣ የሰማው ሰው፣ እርስዎ ያደረጉት። በማግስቱ ጠዋት ይጻፉ እንጂ ወር ቆይተው አያስታውሱ፤ በአንድ ቀለምና በአንድ ቁጭታ የተሞላ ደብተር ከሩቅ ያስታውቃል። ሰላም ያደረበትንም ሳምንት “ምንም የለም” ብለው ይመዝግቡ። ለእሱም ፍርድ ነው፣ ደብተሩንም ያስከብረዋል።

ሦስት ሳምንት ያህል ከመዘገቡ በኋላ ነገሩ ይለያል። በእርስዎ ደብዳቤ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ችግሮች አሉ፦ የበር ድብደባ፣ እንግዳ፣ ድምፅ። መፍትሔያቸው አንድ አይደለም።

የበሩ ነገር በቁልፍ ያልቃል። ማታ የሚገባ ሰው ቁልፍ ከሌለው መደብደቡ አይቀርም። ለእያንዳንዱ ክፍል ለትልቁ በር ትንሿ መግቢያ አንድ አንድ ቁልፍ ይስጡ፣ ማን ስንት እንደተቀበለ ያስፈርሙ፣ ማጠፊያውን ዘይት ያስቀቡ፣ ቆርቆሮው ከምሰሶው ጋር በሚጋጭበት ቦታ የጎማ ቁራጭ ያስመቱ። አከራዮች ቁልፍ መስጠት የሚፈሩት ተባዝቶ ይቀራል ብለው ነው። ፍርሃቱ ልክ ነው፤ ተከራይ በወጣ ቁጥር የቁልፉን ልብ ብቻ ማስቀየር ግን ሌሊት ሌሊት ተነስቶ በር ከመክፈት ይሻላል።

ስለ ድምፁ ከመናገርዎ በፊት ጣሪያውን ይመልከቱ። ሰርቪስ ክፍሎች ሲሠሩ የመሐል ግድግዳው ብዙ ጊዜ ኮርኒሱ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ እስከ ቆርቆሮው ያለው ቦታ ከክፍል 1 እስከ ክፍል 5 ክፍት ነው። የማዳበሪያ ወይም የአቡጀዲ ኮርኒስ ድምፅ አይዝም። ስለዚህ አንዱ ቤት የሚወራው በግድግዳው ሳይሆን በላይ በኩል ዞሮ ሌላው ቤት ይወርዳል። ለማረጋገጥ ማታ የልጁን ክፍል አብርታችሁ የጎረቤቱን አጥፉና በጎረቤቱ ክፍል የኮርኒሱን ጥግ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ብርሃን ከታየ ድምፅም ያልፋል። መድፈኑ የአንድ አናጢና የአንድ ለሳኝ ሥራ ነው። ክፍሉ 3 ሜትር ወርድ ኖሮት ክፍተቱ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍታ ካለው የሚደፈነው 1.5 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ማገሩ በግድግዳው ቋሚ ላይ ይመታ፤ በኮርኒሱ እንጨት ላይ ከተጫነ ክብደቱ ኮርኒሱን ያወርደዋል። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ይቆይ፤ ሳይቦካ ከተለሰነ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ድምፁ በስንጥቁ ይመለሳል። በዚያ በኩል የሚያልፍ የመብራት ሽቦ ካለ አስቀድሞ ቱቦ ውስጥ ይግባ። ይህ ሁሉ ወሬንና መካከለኛ ድምፅን በደንብ ይቀንሳል፤ የስፒከሩን ከባድ ምት ግን ሙሉ በሙሉ አያስቀረውም። ለእሱ ስፒከሩ ከጋራው ግድግዳ ይራቅ፣ ወለል ላይ ሳይሆን በታጠፈ ብርድ ልብስ ወይም በፍራሽ ቁራጭ ላይ ይቀመጥ። በክረምት ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ሰው ሳያውቀው ድምፅ ይጨምራል፤ ዝናቡ ሲያባራ ድምፁ እዚያው ይቀራል። ሲያናግሩት ይህንንም ያንሱለት።

አነጋገሩ ራሱ ጊዜ ይፈልጋል። ሌሊት በሩ ላይ ቆመው አይናገሩት፤ ሌሊት የሚፈለገው ድምፁ እንዲቆም ብቻ ነው፣ “ቀንሰው ልጄ፣ ነገ እንነጋገራለን” ብለው ይመለሱ። ጓደኞቹ ፊት የተነገረ ልጅ ለጓደኞቹ ሲል ይመልሳል። በማግስቱ ከሥራ ሲገባ ጠርተው ያስቀምጡት፤ ቡና ላይ ቢሆን መልካም ነው፣ ሌሎቹ ተከራዮች ባሉበት ግን አይሁን። የነርሷን ስም አይጥሩ። “ሰዎች እየተናገሩህ ነው” ካሉት ማን እንደተናገረ ሊፈልግ ይወጣል፤ የራስዎን ጆሮ ይጥቀሱ። እንዲህ ሊሉት ይችላሉ፦ “አንተ ልጅ፣ ኪራይህን አታጓድልም፣ በዚህ አመሰግንሃለሁ። ጥቅምት 4፣ 9 እና 11 ሌሊት ግን ከ6 ሰዓት በኋላ ስፒከርህ እኔ ቤት ድረስ ተሰምቷል። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ከበርህ ውጭ እንዳይሰማ፤ እንግዳ ከ4 ሰዓት በኋላ እንዳይቆይ፤ በሩን በቁልፍህ ክፈት። ይህን ትችላለህ ወይ?” ሦስት ነገር ነው የተጠየቀው፣ ሦስቱም የሚለኩ ናቸው። “ሥርዓት ያዝ” ቢሉት ግን “እሺ እትዬ” ይልዎታል፤ ምኑን እሺ እንዳለ እሱም አያውቀውም። እስካሁን የሆነውም ይኸው ነው።

ቀጥሎ የግቢ ደንብ ይጻፉ። ለእሱ ብቻ የተጻፈ ደንብ ቂም ያመጣል፣ ስለዚህ አምስቱም ይፈርሙ፤ እርስዎም ይፈርሙ። አንድ ገጽ ይበቃል። ከምሽቱ 3 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድምፅ ከክፍል ውጭ እንዳይሰማ፤ እንግዳ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይና ስንት ሌሊት ማደር እንደሚችል፤ የግቢው በር ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፤ መብራትና ውኃ እንዴት እንደሚከፈል፤ የሽንት ቤትና የግቢ ጽዳት፤ ክፍሉ ለመኖሪያ ብቻ መሆኑ፤ ደንቡ ሲጣስ በመጀመሪያ የቃል፣ በሁለተኛ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ በሦስተኛ ውል ማቋረጥ እንደሚከተል። ልደት፣ ክርስትናና ለቅሶ ሲኖር ደንቡ እንደሚላላም ይጻፍበት። ሰው የሚያከብረው የሚኖርበትን ሕይወት የሚያውቅ ደንብ ነው።

ከደንቡ ጋር የቃሉን ውል ወደ ጽሑፍ ይቀይሩት። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1727 መሠረት በጽሑፍ የሚደረግ ውል ተዋዋዮቹ ሊፈርሙበትና በሁለት ምስክሮች ሊረጋገጥ ይገባል፤ ሁለቱ ምስክሮች የሌሉበት ወረቀት ሊነቀፍ ይችላል። አዲሱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ በሚተገበርባቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዕድሜው ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ያዛል። ወደ ከተማው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሄደው አፈጻጸሙን ይጠይቁ። ለእርስዎ ከዚህ የሚከተለው ነገር ከባድ ነው፤ ውል ቢያንስ ለ2 ዓመት የሚታሰር ከሆነ ደንብ ሳይያያዝበት ተከራይ ማስገባት ለ2 ዓመት እጅ መስጠት ነው። ደንቡ “የዚህ ውል አካል ነው” የሚል መስመር ውሉ ውስጥ ይግባ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ከደገመ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይድረሰው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772 ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበት ይናገራል፤ ብዙ አከራይ ፍርድ ቤት ሄዶ ባዶ እጁን የሚመለሰው ይህን ስለሚዘል ነው። ጽሑፉ አጭር ይሁን፦ “ለአቶ ……። በተፈራረምነው የግቢ ደንብ ቁጥር 1 ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ድምፅ እንዳይሰማ ተስማምተን ሳለ ኅዳር 2 እና 6 ሌሊት ከ6 ሰዓት በኋላ በስፒከር ጎረቤቶችዎን አውከዋል። ከዛሬ ጀምሮ እንዳይደገም አስጠነቅቃለሁ። ቢደገም ውሉ እንዲቋረጥ እጠይቃለሁ።” ስድብና ዛቻ አይግባበት፤ ደብዳቤውን ነገ ዳኛ ያነበዋል። በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፣ አንዱን ፈርሞ ይቀበል። አልቀበልም ካለ ግድ የለም፤ ሁለት የግቢ ያልሆኑ ሰዎች ባሉበት አንብበውለት “ተነቦለት አልቀበልም ብሏል” ብለው ይፈርሙ።

ከማስጠንቀቂያው ጋር ሽምግልና ይሞከር። ስህተቱ ሽማግሌዎቹን በሙሉ ከራስ ዘመድ መምረጥ ነው፤ ልጁ ፍርዱን ገና ሳይቀመጥ ያውቀዋል። አንዱ የሚያከብረው ሰው ይሁን፤ የጋራዡ ባለቤት፣ የሀገሩ ልጅ፣ ወይም የንስሐ አባቱ። በጋራዥ የሚሠራ ወጣት የአሠሪውን ፊት ከአከራዩ ፊት ይበልጥ ይፈራል። የተስማሙበት ነገር ከነቀኑ ተጽፎ ሽማግሌዎቹ ይፈርሙበት፤ እርቁ ከፈረሰ ያ ወረቀት ማስረጃ ነው።

ድብድብ፣ ስለት፣ ዛቻ፣ ሴት ተከራዮችን መተናኮል ከመጣ ግን ሽምግልና አይጠበቅም፤ በዚያው ሌሊት ፖሊስ ይጠራል። ይህ የቤት ኪራይ ጉዳይ አይደለም።

ወደ ፍርድ ቤት የሚያደርስ ከሆነ ይዘው የሚሄዱት ውሉን፣ ደንቡን፣ ደብተሩን፣ ማስጠንቀቂያውን፣ የእርቁን ወረቀትና ለመመስከር ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት ሦስት ጎረቤቶች ስም ነው። የኪራይ ገቢ ግብርዎን አስቀድመው ያስተካክሉ፤ ግብር ያልከፈለ አከራይ ተከራዩ “እከስሻለሁ” ባለው ቁጥር ይንቀጠቀጣል፣ ይህን የሚያውቅ ተከራይም ይጫወትበታል። ክርክሩ በሚቆይበት ጊዜ ኪራይ ሲቀበሉ ደረሰኙ ላይ “ለቆየበት ለጥር ወር” ብለው ይጻፉ። የውሉ ጊዜ ካለቀ በኋላ ዝም ብሎ ኪራይ መቀበል ውሉን እንዳደሱት ሊያስቆጥርብዎ ይችላል። ፍርድ ከተሰጠ በኋላም የሚያስወጣው የፍርድ አፈጻጸም ነው፤ እርስዎ አሁንም ቁልፍ አይነኩም።

በብዛት ግን ነገሩ እዚያ አይደርስም። ማስጠንቀቂያው እንደደረሰው ወይ ይሰክናል ወይ “እወጣለሁ” ይላል። እወጣለሁ ካለ መንገዱን አይዝጉበት። የመውጫ ቀኑ ይጻፍ፣ ያልኖረበት ቅድመ ክፍያ በዚያው ቀን ይመለስለት፤ ክፍሉን አብራችሁ እዩ፦ በር፣ ቁልፍ፣ መስታወት፣ አምፖል፣ ሶኬት፣ የግድግዳ ቀለም፣ የቆጣሪ ንባብ። ሁለታችሁም ፈርሙ። ሁለት ሺህ ብር አስቀርቶ ሰው ማባረር ሦስት ወር የሚያጨቃጭቅ ጠብ ነው።

ነርሷን እስከዚያ ያጽናኗት። “ታገሺኝ” ብቻ አይበሏት፤ ምን እንዳደረጉ፣ ምን እንደሚያደርጉ፣ እስከ መቼ እንደሆነ ይንገሯት። በድብቅ ኪራይ አይቀንሱላት፣ ሌሎቹ ይሰማሉ። ከልጁ በጣም የራቀው ክፍል የባለ ሱቁ ከሆነና ሁለቱም ከፈቀዱ ክፍል ማለዋወጥ ይቻላል። ተረኛ አድራ የገባች ሴት ቀን ነው የምትተኛው፤ ስለዚህ ደንቡ ውስጥ ቀን ከ3 እስከ 7 ሰዓት ግቢው ውስጥ ቴፕ እንዳይጮህ አንድ መስመር ቢጨመር ለእሷ ከሌሊቱ ደንብ እኩል ይጠቅማታል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር አራት ክፍሎች አከራያለሁ፤ እኔም እዚያው ነኝ። ቆጣሪው አንድ ነው፣ ሒሳቡን ለአምስት እኩል እንካፈላለን። አንዷ ተከራይ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። እሷ ምጣድ በሰካች ቁጥር ብሬከሩ ይወድቃል፣ ሁሉም ይጮኻል። ኤሌክትሪሻን “ትልቅ ብሬከር ልግጠም” አለኝ። ልስማማ?

መልስ፦ አይስማሙ። የኤሌክትሪክ ምጣድ በግምት 3,500 ዋት ይበላል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። ባለ 2,000 ዋት ስቶቭ 9 አምፔር ይጨምራል። እርስዎም በዚያው ሰዓት ምጣድ ከሰኩ 41 አምፔር ሆነ። ብሬከሩ ባለ 32 ከሆነ መውደቁ ሥራው ነው፤ የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። ሽቦው ሳይቀየር ብሬከሩ ብቻ ከተለቀ የሚሞቀው ሽቦው ይሆናል፣ በጭቃና በእንጨት ቤት ውስጥ ደግሞ ሽቦው የሚያልፈው በደረቅ እንጨት ላይ ነው።

መጀመሪያ ይህን ይሞክሩ፦ የሌላው ሁሉ ጠፍቶ የሴትየዋ ምጣድ ብቻ ሲሰካ ብሬከሩ ከወደቀ ጥፋቱ በብዛት የምጣዱ ነው፤ ሬዚስታንሱ (የሚግለው ሽቦ) ወይም ገመዱ ይታይ። ብቻውን ከሠራ ግን ችግሩ የጭነት ነው። ለምጣድ ከማከፋፈያው ሳጥን ቀጥታ የሚመጣ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የራሱ ጠንካራ ሶኬት ያስፈልገዋል። ለመብራት የተዘረጋ ባለ 1.5 ሽቦ ላይ ምጣድ ከተሰካ ሶኬቱ ይቀልጣል፤ የጠቆረ ሶኬት ካዩ ዛሬውኑ ያስነሱት። የመጋገሪያ ቀንና ሰዓትም ይከፋፈል፤ ለንግድ የምትጋግረው ንጋት ላይ፣ ሌላው ከሰዓት።

እኩል መካፈሉን ይተዉት፣ ጠቡን የሚያመጣው እሱ ነው። ከመብራት ኃይል ቆጣሪ በኋላ ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ ያስገጥሙ፤ የመሥሪያ ቤቱን ቆጣሪና ፕሎምፕ (የታሸገበትን ማኅተም) ማንም እንዳይነካ። በወር አንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ተከራዩ ባለበት ይነበብ፣ በስልክ ፎቶ ይነሳ። ለስሌት ያህል፦ ዋናው ቆጣሪ 420 ኪሎ ዋት ሰዓት ቆጥሮ ሒሳቡ 2,520 ብር ቢመጣ አንዱ 6 ብር ይወጣል። ጋጋሪዋ 190 ከቆጠረች 1,140 ብር፤ ሌሎቹ 50፣ 45 እና 35 ቢቆጥሩ 300፣ 270 እና 210 ብር። የቀረው 100 የእርስዎና የግቢው አምፖል ነው፣ 600 ብር። እኩል ስትካፈሉ ግን 35 የቆጠረው ሰውም 504 ብር ይከፍል ነበር። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱን ዋጋ ከፍ ስለሚያደርግ የአንድ ሰው ብዙ ፍጆታ የሁሉንም ዋጋ ይሰቅላል፤ ይህን ለጋጋሪዋ በቁጥር ካሳዩዋት ትረዳለች። እንጀራ እየሸጠች የምትኖር ሴት ናትና የራሷን ቆጣሪ ብታስገባ እሷም ሒሳቧን ታውቃለች፣ እንጀራዋንም በልኩ ትተምናለች።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ለመኖሪያ ያከራየኋት እናት አሁን ክፍሏ ውስጥ አረቄ ታወጣለች። ጭሱ ሦስቱን ክፍል ይሞላል፣ አተላው ቦዩን ደፈነው፣ ማታ ጠጪ ይመጣል። ልጆች አሏት፣ ላስወጣት ሆዴ አይችልም።

መልስ፦ አለማስወጣትና ዝም ማለት አንድ አይደሉም። ክፍል ውስጥ አረቄ ማውጣት ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቁም፤ ይህ የጭስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከመቃው ጫፍ የሚንጠባጠበው አረቄ እሳት አጠገብ ከተቀመጠ እንፋሎቱ ይቀጣጠላል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ልጆችም ይተኛሉ።

ግቢው ቦታ ካለው ከጀርባ በኩል ከቤቱ ጥቂት ሜትር ራቅ ያለች፣ ሦስት በኩል ክፍት የሆነች ዳስ በቆርቆሮ ይሠሩላት። ነፋሱ በብዛት ከየት እንደሚመጣ አይተው ጭሱ ወደ አጥር የሚሄድበት ቦታ ይምረጡ። የተቀዳው አረቄ ክዳን ባለው ጀሪካን ከምድጃው ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ አንድ ባልዲ አሸዋ ሁልጊዜ አጠገቡ ይኑር። አተላ ወደ ቦዩም ወደ ሽንት ቤቱም አይደፋ፤ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ይብላላና ጉድጓዱን ቶሎ ይሞላዋል፣ ሽታውም አይቻልም። ክዳን ባለው በርሜል ይጠራቀምና በየዕለቱ ይውጣ፤ ከብት የሚያደልቡ ሰዎች ደስ ብሏቸው ይወስዱታል፣ አንዳንዴም ይገዙታል። የውኃው ነገርም አለ፤ ድፍድፍና ማቀዝቀዣ ብዙ ውኃ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሒሳቡ ከሌሎቹ ይለይ።

ጠጪ ግቢ ውስጥ መቀመጡ ግን ድርድር የለውም። ታውጣ፣ በጀሪካን ውጭ ለሚሸጡ ታስረክብ፤ ግቢው ግን መጠጥ ቤት አይሁን። ይህን በጽሑፍ ተስማምታችሁ ሦስት ወር ይስጧት። ዳስ የሚሠራበት ቦታ ከሌለ ወይም ጠጪው ካልቆመ ለሥራዋ የሚሆን ሌላ ቤት እንድትፈልግ ያው ሦስት ወር ይበቃታል፤ በፍለጋው ቢያግዟት ደግሞ ቶሎ ታገኛለች።

ጥያቄ፦ እንጅባራ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ለሦስት ወጣት ሠራተኞች አከራየሁ። ደባሎች ናቸው። ውሉ በአንዱ ስም ነው። ሁለቱ ሰላም ናቸው፣ ሦስተኛው ሰክሮ ይመጣል፣ ይሳደባል። ሁለቱ “እሱን ብቻ አስወጣልን” ይላሉ። ይቻላል?

መልስ፦ ውሉ ላይ የሌለ ሰው ከእርስዎ ጋር ውል የለውም፤ ውል ያለው የፈረመው ልጅ ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ለፈረመው ይጻፋል፣ ደባሉን የማረም ወይም የማስወጣት ኃላፊነትም የእሱ ነው። የፈረመው ራሱ ሰካራሙ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እሱ ሲወጣ ውሉም አብሮ ይወጣል፣ ሁለቱ ሰላማዊ ልጆች ደግሞ አዲስ ውል ያስፈልጋቸዋል። ያንን ውል አሮጌው በፈረሰበት ቀን ያስፈርሙ፣ በመሐል ቀን አይለፍ።

በአዲሱ ውል የሁሉም ስምና የመታወቂያ ቁጥር ይግባ፣ ኪራዩን በአንድነትና በነጠላ እንደሚከፍሉ ይጻፍ። ትርጉሙ አንዱ ቢጎድል የቀሩት ሙሉውን ይከፍላሉ ማለት ነውና አንብበው ያስረዷቸው፤ ሳይገባቸው የፈረሙት ነገር ኋላ ላይ “ተታለልን” ያሰኛል። አንዱ ሲወጣ በእሱ ቦታ የሚገባውን ሰው እርስዎ ሳያዩት እንዳይገባ፣ የሚወጣውም ሰው ከ30 ቀን በፊት እንዲያሳውቅ አንድ መስመር ይጨምሩ። ሦስቱም ፊት የክፍሉን ቁልፎች ይቁጠሩ፤ ሰካራሙ ሲወጣ የእሱ ቁልፍ ከጎደለ የቁልፉ ልብ በዚያው ቀን ይቀየር።